ተራ የማይጠብቅ ኮምፒዩተር፦ የፕሮፌሰር አርቪንድ ምርምርና ከእርሱ የቀረልን




በዘንድሮው ጉባኤ ላይ ስለ ኮምፒዩተር አሠራር አንድ ንግግር እንዳቀርብ አዘጋጅ ኮሚቴው በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ የታላላቅ ሊቃውንት ሥራ ሳይሆን የራሴ ስሕተት ነበር። ይኸው ስሕተት ወደ አንድ ሊቅ ሥራ ስለ መራኝ ንግግሬን ከዚያው ብጀምር የምትታገሡኝ ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት በኤሌክትሪክ መሥመሮች ላይ የሚባክነውን ኀይል የሚያሰላ አንድ ፕሮግራም ነበረን። ፕሮግራሙ ትክክለኛ ነበር፤ ጉድለቱ ዘገምተኛነቱ ብቻ ነው። አንዱን የጭነት ሁኔታ ለማስላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለዓመት ዕቅድ የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች ሁሉ ለማዳረስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይወስድ ነበር። ስምንት ኮር ያለው አዲስ ኮምፒዩተር በተገዛልን ጊዜ፣ ስምንት ሠራተኛ ተቀጥሮ አንዱ ብቻ ሲሠራ ሰባቱ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ምክንያት አልታየኝም። ስለዚህ መሥመሮቹን ለስምንት ከፈልሁና እያንዳንዱ ኮር የድርሻውን እያሰላ ያገኘውን በአንድ የጋራ ድምር ላይ እንዲጨምር አደረግሁ። ፕሮግራሙ እንደ ንፋስ ሆነ። ደስታዬ አንድ ሳምንት ያህል ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ስሌት ሁለት ጊዜ ሳስኬደው መልሱ በመጨረሻዎቹ አሃዞች ላይ እንደሚለያይ አስተዋልሁ። የአሥርዮሽ ቁጥሮች በተለያየ ቅደም ተከተል ሲደመሩ ከማጠጋጋት የተነሣ ጥቂት ልዩነት እንደሚመጣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቅ ነበርና ነገሩን ለዚያ ሰጥቼ አለፍሁት። እውነትም የልዩነቱ ከፊል ምክንያት ማጠጋጋቱ ነበር፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። እውነተኛው ሕመም ከቀላሉ ሕመም ኋላ ተሸሽጎ ተቀምጦ ነበር። ሪፖርቱ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ መሐንዲስ እንደ ልማዳቸው ሠንጠረዡን በእጅ ማስያ ደምረው ወደ ጠረጴዛዬ መጡና «ልጄ፣ ይህ መሥመር በዝርዝሩ ላይ አለ፤ በድምሩ ውስጥ ግን የለም፤ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሆነው እንደሚከተለው ነበር። የጋራው ድምር 500 ላይ ደርሷል እንበል። አንዱ ኮር 500ን አንብቦ በላዩ 30 ሊጨምር ሲዘጋጅ፣ ሌላውም በዚያው ቅጽበት 500ን አንብቦ 20 ሊጨምር ይዘጋጃል። የመጀመሪያው 530 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ 520 ብሎ በላዩ ይጽፍበታል። ትክክለኛው መልስ 550 ሲሆን 30ው ያለ ምስክር ጠፍቶ ይቀራል። ይህም በሺህ ጊዜ አንድ ጊዜ ቢሆን ነው፤ ለማጣራት ሲሞክሩትም አይገኝም። መድኀኒቱ በመጽሐፍ የታወቀ ስለሆነ ድምሩን ቁልፍ አበጀሁለት፤ ይኸውም አንዱ ኮር ሲደምር ሌሎቹ ደጅ ቆመው እንዲጠብቁ ማለት ነው። መልሱ ታረመ፤ ነገር ግን ስምንቱ ኮሮች አብዛኛውን ጊዜ በወረፋ ላይ ስለሚያሳልፉ ፕሮግራሙ ቀድሞ በአንድ ኮር ይሠራ ከነበረው የባሰ ዘገየ።

ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ የራሴ አላዋቂነት ብቻ አድርጌ እቈጥረው ነበር። ኋላ ግን ስለ ትይዩ ኮምፒዩተሮች የተጻፉ ጥናቶችን ሳገላብጥ፣ በ1983 አርቪንድና ሮበርት ኢያኑቺ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በተለመደው ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ፕሮሰሰሮችን ስለ ማሠማራት ያቀረቡትን ትችት አገኘሁ። እነርሱ እንደሚሉት ብዙ ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ የሚያሠራ ሰው ሊሸሻቸው የማይችላቸው ሁለት መሠረታዊ ችግሮች አሉ። አንደኛው ከሩቅ ማኅደረ ትውስታ የተጠየቀው መረጃ እስኪመጣ ድረስ ያለው ጥበቃ ነው። ሁለተኛው የአንዱን ሥራ ከሌላው ሥራ ጋር ማናበብ ነው። አንዱን ለማቃለል የተወሰደ እርምጃ ሌላውን ሲያከብደው ይታያል። ባለሥልጣን ፊት ቀርቤ የተናዘዝሁ ያህል ተሰማኝ፤ በእኔ ላይ የደረሰው ሁሉ እኔ ከመወለዴ በፊት ተጽፎ ነበርና።

አርቪንድ በ1947 በሕንድ አገር ተወለዱ። በአንድ ስም ብቻ የሚጠሩ ሰው ነበሩ፤ በምርምር ጽሑፎቻቸውም ላይ ሌላ ስም አይገኝም። በካንፑር የሕንድ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1969 ተመረቁ። ይህ ኢንስቲትዩት ከ1963 ጀምሮ አይ.ቢ.ኤም. 1620 የተባለውን ኮምፒዩተር ተክሎ ተማሪዎቹን ያስተምር የነበረ፣ በሕንድ አገር ለኮምፒዩተር ትምህርት ፋና ወጊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1973 የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኧርቫይን ቅርንጫፍ ካስተማሩ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ. ወደሚባለው ተዛወሩ። በሰኔ ወር 2024 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ያስተማሩትና የተመራመሩት በዚያው ነበር።

ጥያቄያቸውን ለመረዳት ወደ 1945 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ጆን ቮን ኖይማን ኤድቫክ ስለተባለው መሣሪያ ባዘጋጁት ረቂቅ ሪፖርት የገለጹት አሠራር፣ ዛሬም በየጠረጴዛችን ላይ ላለው ኮምፒዩተር መሠረት ነው። ትእዛዞችና መረጃዎች በአንድ ማኅደረ ትውስታ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቈጣሪ የሚቀጥለው ትእዛዝ የትኛው እንደሆነ ያመለክታል፤ ፕሮሰሰሩም ትእዛዞቹን በተራ እያወጣ ይፈጽማል። አሠራሩ ቀላልና ግልጽ ስለሆነ ዓለምን አሸነፈ። ነገር ግን ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩና በማኅደሩ መካከል ባለች አንዲት ጠባብ በር በኩል ያልፋል። የፎርትራንን ቋንቋ ያወጣውን ቡድን የመሩት የአይ.ቢ.ኤሙ ጆን ባከስ፣ በ1977 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበሉ ባሰሙት ንግግር ይህችን በር «የቮን ኖይማን ማነቆ» ብለው ሰየሟት። ከዚህም ዐልፈው ማነቆው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በአስተሳሰባችንም ውስጥ እንዳለ ተናገሩ፤ ይኸውም ፕሮግራም ስንጽፍ «ይህን አንሣ፤ ያንን ጨምር፤ መልሰህ አስቀምጥ» እያልን አንድ ቃል በአንድ ጊዜ እናስባለን ማለታቸው ነው። ዓለም የሚጠቀምበትን ቋንቋ ያበጀ ሰው በአደባባይ ቆሞ መንገዳችን ጠባብ ነው ማለቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በፈንክሽን ላይ ለተመሠረተው የፕሮግራም አጻጻፍም ብዙ ተመራማሪዎችን ያነሣሣው ይህ ንግግር ነው።

ይህ አጻጻፍ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። ፈንክሽን በሒሳብ እንደምናውቀው ነው፤ አንድ ዐይነት ግብዓት ከሰጡት ምንጊዜም አንድ ዐይነት ውጤት ይመልሳል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ የሌላውን ሒሳብ አይነካካም። አንድ ስም አንድ ጊዜ ዋጋ ከተሰጠው በኋላ ዋጋው አይለወጥም። በእኔ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ነበረው ዐይነት «ድምርን አንብብና በላዩ ጻፍበት» የሚባል ነገር በቋንቋው ውስጥ ፈጽሞ የለም። ከዚህም የሚገኘው ትርፍ ታላቅ ነው። ቸርችና ሮሰር በ1936 እንዳረጋገጡት፣ እንዲህ ባለው የስሌት ሥርዐት መልስ ላይ እስከተደረሰ ድረስ የስሌቱ ክፍሎች በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሠሩ መልሱ አይለያይም። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ካላመጣ ደግሞ ክፍሎቹን በአንድ ጊዜ መሥራት ይቻላል።

እንግዲህ ቋንቋው ይህን ከፈቀደ፣ ተራ በተራ ከሚሠራው የተለየ መሣሪያ ለምን አይበጅለትም? በኤም.አይ.ቲ. ጃክ ዴኒስ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥተው ይህን ሐሳብ «ዳታ ፍሎው»፣ ማለትም የመረጃ ፍሰት በሚል ስም ያራምዱ ነበር። የሐሳቡን ጠባይ ለማስረዳት ከሠርግ ድግስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትሆን ሽንኩርቱን ትከትፋለች፤ ያን ስትጨርስ ዶሮውን ትበልታለች፤ ከዚያ ድስቱን ትጥዳለች፤ ይህ የቮን ኖይማን ኮምፒዩተር ነው። በሠርግ ቤት ግን «አሁን የእገሌ ተራ ነው» የሚል አዛዥ የለም። ሽንኩርቱ ተከትፎ ሲደርሳት የምታቁላላዋ ትጀምራለች፤ በርበሬውና ቅቤው ሲቀርብላት የምትጨምረዋ ትቀጥላለች። እያንዳንዷን ወደ ሥራ የሚጠራት በእጇ መግባት ያለበት ነገር ተሟልቶ መገኘቱ ነው። በዳታ ፍሎው ኮምፒዩተርም ቈጣሪ የለም። (ሀ + ለ) × (ሐ − መ) የሚል ስሌት ቢኖር፣ መደመሩም መቀነሱም ቁጥሮቻቸው እንደ ደረሱ በአንድ ጊዜ ይጀመራሉ፤ ማባዛቱ ደግሞ ሁለቱ ውጤቶች እስኪደርሱት ይጠብቃል። ውጤትን ከትእዛዝ ወደ ትእዛዝ የሚያደርሰው መልእክት «ቶከን» ይባላል።

አርቪንድ ገና በኧርቫይን ሳሉ ከኪም ጎስተሎው ጋር ሆነው ለዚህ ሐሳብ ያበረከቱት ቁም ነገር የቶከኑ መለያ ነው። በዴኒስ የመጀመሪያ ንድፍ በሁለት ትእዛዞች መካከል በአንድ ጊዜ ሊጓዝ የሚችለው ቶከን አንድ ብቻ ነበር። ታዲያ አንድ ትእዛዝ ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ የአሥረኛው ዙር ቁጥር ከአሥራ አንደኛው ዙር ቁጥር ጋር እንዳይደባለቅ ዙሮቹ መጠባበቅ ነበረባቸው። በአንድ ግቢ ሁለት ሠርግ ቢደገስ የአንዱ ሽንኩርት ወደ ሌላው ድስት እንዳይገባ በየሣህኑ ላይ ምልክት እንደሚደረግ ሁሉ፣ አርቪንድና ጎስተሎው በየቶከኑ ላይ የየትኛው ዙርና የየትኛው የፈንክሽን ጥሪ እንደሆነ የሚናገር መለያ እንዲለጠፍ አደረጉ። በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ጆን ገርድና ኢየን ዋትሰን በበኩላቸው ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰው ነበር፤ የእነርሱም መሣሪያ በ1981 ሥራ ጀመረ። ኧርቫይን ላይ ለመሣሪያው የተነደፈው ቋንቋ «አይዲ» ተባለ፤ ስሙ የኧርቫይን ዳታ ፍሎው ለማለት በአጭሩ የወጣ ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ግን «አይ-ስትራክቸር» የተባለው ነው፤ በእርሱ ላይ ጥቂት ብቆይ አትቀየሙኝም። በፈንክሽን ቋንቋ አንዴ የተጻፈ ስለማይለወጥ፣ አንድ ሺህ ቁጥሮች ካሉት ሠንጠረዥ አንዷን ቁጥር ብቻ ለመለወጥ የሚሻ ሰው ሠንጠረዡን ሙሉ በሙሉ መቅዳት ይገደዳል። ለሒሳብ ሊቅ ይህ ችግር አይደለም፤ ለመሐንዲስ ግን ውርደት ነው። የአርቪንድና የባልደረቦቻቸው መፍትሔ የሚከተለው ነበር። ሠንጠረዡ ባዶውን ይዘጋጃል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ሁለተኛ መጻፍ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ደግሞ «ተሞልቻለሁ» ወይም «ገና ነኝ» የሚል ምልክት ይይዛል። ሣጥኑ ሳይሞላ ሊያነብ የመጣ ቢኖር አይባረርም፤ ደጋግሞም እየመጣ አይጠይቅም። በደንብ የሚሠራ መዝገብ ቤት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጠየቅኸው ፋይል ገና ካልመጣ መዝገብ ያዡ ስምህንና ክፍልህን ይጽፋል፤ አንተ ወደ ሌላ ሥራህ ትሄዳለህ፤ ፋይሉ ሲመጣ ወዳለህበት ይላክልሃል። አይ-ስትራክቸርም የጠያቂውን አድራሻ ይመዘግባል፤ ቁጥሩ እንደ ተጻፈ ለተመዘገቡት ሁሉ ይልካል። (ሁሉም መዝገብ ቤት እንዲህ ነው አላልሁም።)

እንግዲህ ሁለቱን ችግሮች መለስ ብለን እንመልከት። መናበቡ በየሣጥኑ ውስጥ ስላለ ቁልፍና ወረፋ አላስፈለገም፤ የእኔ 30 የጠፋበት ዐይነት አደጋም ሊደርስ አይችልም፤ ማንም በማንም ላይ አይጽፍምና። ጥበቃውም ቢሆን አልጠፋም፤ ከሩቅ የሚመጣው ቁጥር ያው ከሩቅ ይመጣል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ አንዱን ጥያቄ ልኮ መልሱን ሳይጠብቅ ግብዓቱ የተሟላለትን ሌላ ትእዛዝ ይሠራል። የተለመደው መሐንዲስ ጥበቃውን ለማሳጠር ሲደክም፣ አርቪንድ ጥበቃው እንዳለ ይኑርና ሥራ ፈትነቱ ይቅር አሉ። የጠሩ ሊቃውንት አይ-ስትራክቸር የፈንክሽንን ንጽሕና ያጐድፋል ብለው ነቅፈውታል። ነቀፌታው በሕጉ መሠረት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የመልሱን አንድነት፣ ማለትም ስንት ጊዜ ቢሠራ አንድ ዐይነት መልስ መስጠቱን ሳያፈርስ መቅዳቱን አስቀርቷል፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የምሕንድስና ብልኀት የለም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ቶከኖችን በመለያቸው እያነጻጸሩ ጥንድ ጥንዱን ማገናኘት ከባድና ውድ ሥራ ነው፤ የሚመጣው እያንዳንዱ ቶከን ጓደኛው ይኖር እንደሆነ ከሚጠብቁት ብዙዎች መካከል መፈለግ አለበት። የአርቪንድ ተማሪ የነበሩት ግሬጎሪ ፓፓዶፑሎስ ይህን ፍለጋ አስቀሩት፤ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ጥንድ የመገናኛ ቦታ ቀጥሮ ስለሚሰጥ፣ ቀድሞ የደረሰው ቶከን በቀጠሮው ቦታ ይቀመጣል፤ ተከትሎ የመጣው እዚያው ያገኘዋል። በዚህ ሐሳብ ላይ «ሞንሱን» የተባለው ኮምፒዩተር ከሞቶሮላ ኩባንያ ጋር በመተባበር ተሠርቶ በ1992 ተፈጸመ። ደርዘን የሚሆኑት ተሠርተው በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪና በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተተከሉ። በመጨረሻም ሞንሱን ጡረታ ወጥቶ በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም ገባ።

ገበያ ላይ አልዋለም። ለምን?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሐሳቡ የዩኒቨርሲቲ ሕልም ነበር የሚል ነው፤ እኔ ይህን አልቀበለውም። ምክንያቶቹ የሚጨበጡ ናቸው። አንደኛ ነገር፣ የሚሠራ ሥራ ማነስ ብቻ ሳይሆን መብዛትም መከራ ሆነባቸው። ግብዓቱ የተሟላለት ሁሉ ይጀምር ከተባለ፣ ሺህ ዙሮች በአንድ ጊዜ ተነሥተው በግማሽ የቀሩ ውጤቶች ማኅደሩን ያጥለቀልቁታል፤ የድግሱ ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ድስት ቢጥዱ ጉልቻ እንደሚያጥረው ማለት ነው። ስለሆነም ዴቪድ ከለር በ1989 በአርቪንድ ዘንድ ባቀረቡት የዶክተርነት ጥናት በአንድ ጊዜ የሚነሡትን ዙሮች ቁጥር መወሰን አስፈላጊ መሆኑን አሳዩ። ተራ አይጠበቅም የተባለው መሣሪያ በመጨረሻ ጥቂት ተራ ፈለገ። ሁለተኛም፣ እያንዳንዱን የመደመር ትእዛዝ እንደ ራሱን የቻለ ሠራተኛ መቍጠር፣ ተከታትለው ሊሠሩ የሚገባቸውን ትእዛዞች ሁሉ በቶከን ልውውጥ ማክበድ ነበር፤ ቅርብ ያለን መረጃ በቅርብ ይዞ የመሥራት ጥቅም ቀረ። ሦስተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ውጭ ነው። በእነዚያ ዓመታት የተለመዱት ፕሮሰሰሮች ፍጥነት በየሁለት ዓመቱ ገደማ እጥፍ እየሆነ ይሄድ ነበር። ጥቂት መምህራንና ተማሪዎች ለዓመታት ደክመው አንድ መሣሪያ ሲያስመርቁ፣ ተወዳዳሪያቸው የነበረው ቺፕ ሦስት ጊዜ ተለውጦ ይጠብቃቸዋል።

አራተኛውን ምክንያት በመጽሐፍ አላየሁትም፤ የራሴ ፍርድ ስለሆነ ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ። በሎስ አላሞስ ያለ የፊዚክስ ባለሙያ በፎርትራን የተጻፈና ለዓመታት የተፈተነ ፕሮግራም በእጁ ይዞ ነበር። ይህን ሰው «ፕሮግራምህን በአይዲ እንደ ገና ጻፈው» ማለት፣ ያመነበትን ትክክለኛነት ጥለህ ያላመንህበትን ፍጥነት ግዛ ማለት ነው። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን እሺ አልልም ነበር። ጋሼ ሠንጠረዡን በእጅ ባይደምሩ ኖሮ ምን እንደሚሆን ካየሁ በኋላማ ፈጽሞ አልልም። የአዲስ አሠራር ጠበቆች ሁላችንም ይህን ዋጋ አሳንሰን የመገመት ልማድ አለብን።

ሆኖም መሣሪያው ሙዚየም ገባ ማለት ሐሳቡ አብሮ ገባ ማለት አይደለም። ሮበርት ቶማሱሎ በ1967 ለአይ.ቢ.ኤም. 360/91 ያወጡት ስልት፣ አንድ ፕሮሰሰር ትእዛዞቹን በተጻፉበት ተራ ሳይሆን ግብዓታቸው በተሟላበት ቅደም ተከተል እንዲሠራ ያደርግ ነበር። በ1985 ዬል ፓትና ተማሪዎቻቸው ይህንኑ ስልት አስፍተው «የተወሰነ ዳታ ፍሎው» የሚል ስም ሰጡት፤ የተወሰነ የተባለውም ዳታ ፍሎው የሚሆነው በጥቂት ደርዘን ትእዛዞች መስኮት ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ፔንቲየም ፕሮ በዚህ መንገድ የሠራ ሲሆን፣ ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ ያሉት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ የቮን ኖይማን ተራ ጠባቂዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ግን የሠርግ ወጥ ቤት አለ። ስልቱን አርቪንድ አወጡት ማለቴ አይደለም፤ ከእርሳቸው የቀደመ ነው። እርሳቸው ያደረጉት መርሑን ያለ ገደብ ወስዶ እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚሰበር በእውነተኛ መሣሪያ ማሳየት ነው፤ ገደቡ የት መደረግ እንዳለበት የሚታወቀውም እንዲህ ነው።

በ2004 ደግሞ የዘመኑ ነፋስ አቅጣጫውን ለወጠ። ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ፕሮሰሰር ሥራውን የሰረዘው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ከሙቀትና ከኀይል ፍጆታ የተነሣ የቺፕ ፍጥነት በ4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነት የሚገኘው ኮሮችን በማብዛት ነው። በዚያው ዓመት የጉግል መሐንዲሶች በሺህ በሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ መረጃ ለማከፋፈል «ማፕ-ሪዱስ» የተባለውን አሠራር አሳተሙ፤ ሐሳቡን ያገኙት ከሊስፕና ከሌሎች የፈንክሽን ቋንቋዎች መሆኑንም ራሳቸው ጻፉ። በ2015 ይኸው ኩባንያ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሌት ያወጣው ቴንሰርፍሎውም ስሌቱን የሚወክለው በዳታ ፍሎው ሥዕል ነው።

አርቪንድ በበኩላቸው ሞንሱን ከተዘጋ በኋላ ባለፈው አላለቀሱም። ከተማሪያቸው ከጄምስ ሆ ጋር ያዳበሩት ሐሳብ ሰርኪዩቶችን ራሳቸውን በሕግ መልክ መጻፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ሕግ «ይህ ሁኔታ ሲሟላ ይህን አድርግ» ይላል፤ ሕጎቹ አንድ በአንድ እንደሚፈጸሙ አድርጎ ማሰብ ይቻላል፤ ኮምፓይለሩ ግን የማይጋጩትን በአንድ ምት አብረው የሚሠሩ አድርጎ ይገነባቸዋል። ለዚሁ ሥራ በ2003 ብሉስፔክ የተባለውን ኩባንያ ከሌሎች ጋር አቋቋሙ። ግብዓቱ የተሟላለት ይሠራ የሚለው መርሕ እዚህም አለ፤ ከኮምፒዩተሩ ወርዶ ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ ገባ እንጂ አልሞተም።

ንግግሬን ከጀመርሁበት ፕሮግራም ጋር ላገናኘው። ቁልፉን አውጥቼ ጣልሁት። እያንዳንዱ ኮር በራሱ ሣጥን ብቻ ይጽፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋል፤ ስምንቱ ሣጥኖች ሲሞሉ ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ቅደም ተከተል ይደመራሉ። ስለዚህ የማጠጋጋቱ ልዩነት ሳይቀር ጠፍቶ መልሱ እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ አንድ ሆኗል። ፕሮግራሙን ያስኬድሁት በዚያው ኮምፒዩተርና በዚያው ተራ ቋንቋ ነው፤ ያነበብሁት ነገር የለወጠው የአጻጻፌን ሥርዐት ብቻ ነው። ጋሼ ዛሬም በእጃቸው ይደምሩታል፤ እኔም ተዉ አልልም። ፍጥነቱን የጠየቀኝ ቢኖር፣ በስምንት ኮር ስምንት እጥፍ አልሆነም፤ አምስት እጥፍ እንኳ በጭንቅ ነው። ምክንያቱን ስመረምር ስምንቱም ኮሮች አብዛኛውን ጊዜ ከማኅደረ ትውስታ የሚመጣውን ቁጥር እየጠበቁ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለተኛውን ችግር ተገላግዬዋለሁ፤ አንደኛው ግን በዚያች ጠባብ በር ላይ ዛሬም ቆሟል።